ዐሥራ ሦስተኛው እጅ

ጋሽ ከፍያለው ሲጽፉ የኪቦርዱን ቁልፎች አያዩም። ጁባ ወደብ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዓይናቸው በመስኮቱ አልፎ ወንዙ ላይ ነው፤ አፋቸው ከተሸካሚዎቹ አለቃ ጋር ይሟገታል፤ ዐሥሩ ጣቶቻቸው ደግሞ ማንንም ሳይጠብቁ ሥራቸውን ይሠራሉ። ስኳሩ ስንት ከረጢት፣ ዘይቱ ስንት ጀሪካን፣ ሳሙናው ስንት ካርቶን፣ ባርጅ ከሚሏቸው የጭነት ጀልባዎች በየትኛው ተጭኖ መቼ ወደ ቦር ከተማ እንደሚነሳ፣ ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ ወረቀቱ ታትሞ ይወጣል። አንዲት ፊደል ስታ አትገኝም። ተሸካሚዎቹ «ኡስታዝ» ይሏቸዋል፤ መምህር ማለታቸው ነው። እውነትም መምህር ነበሩ።

የደሴ ልጅ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የታይፕ ትምህርት ቤት ዐሥራ ስምንት ዓመት አስተምረዋል። ኮምፒውተር ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ የጽሕፈት መኪናዎቹም በኪሎ ተሸጡ። ያን ቀን ደጃፉ ላይ ቆመው ያለቀሱት እሳቸውና የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻ እንደነበሩ ሲያወሩ ይስቃሉ፤ የሚሰማቸው ሰው ግን አይስቅም። ከዚያ በኋላ ዘመድ ጠርቷቸው ጁባ ገቡ። ጅምላ ነጋዴው ሐጂ ሱሩር ለወደቡ ቢሮ ጸሐፊ ሲያፈላልጉ እሳቸውን አገኙ። ኒምራ ታላታ የሚባል ሠፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራዩ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልጣሽ ልጆቹን ይዘው ደሴ ቀሩ።

«ተማሪዎቼን ጀርባዬን ሰጥቻቸው በታይፓቸው ድምፅ ብቻ እለያቸው ነበር» ይሉ ነበር ጋሽ ከፍያለው። «ማን እንደተጣላ፣ ማን እንዳልተኛ፣ ማንን ፍቅር እንደያዘው ከጣቱ እሰማለሁ።»

ሲድራ ይህን በሰማች ቁጥር ትስቃለች። የሽማግሌ ጉራ ነው ብላ ነበር የምታልፈው።

ሲድራ የሐጂ ሱሩርን ኮምፒውተሮች የምትጠብቅ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነች። አዲስ አበባ ኔትወርክ ተምራ፣ በአጎቷ በኩል ጁባ መጥታ፣ ኮር ዊሊያም ሠፈር ካለው መጋዘን ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ማራገቢያ ከሰርቨሩ ጋር ተጋርታ ትሠራለች። ለጋሽ ከፍያለው ያላት አክብሮት የጀመረው በታኅሣሥ 2006 ነው። ከተማዋ ውስጥ ግጭት ፈንድቶ ተኩሱ ጋብ ባለበት ጠዋት የመጋዘኑ ግቢ በሀበሻ ተሞላ። አውቶቡስ ተገኝቷል፤ የሚወጡት ሰዎች ስም ዝርዝር ግን አልተዘጋጀም። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ያለቅሳል፣ ሦስተኛው የአባቱ ስም ጠፍቶበት ይርበተበታል። ጋሽ ከፍያለው ኮምፒውተሩን በርሜል ላይ አስቀምጠው ጻፉ። ሁለት መቶ ዐሥር ስም፣ ከነፓስፖርት ቁጥሩ። ጽፈው ሲጨርሱ «ያላ፣ ተነሡ» ብለው ሰዉን አሳፈሩ እንጂ የራሳቸውን ስም አላስገቡም። ሲድራ ከዚያ ቀን ወዲህ አጠገባቸው ስትቆም ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

በዓመቱ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ኅዳር 2007 ላይ የሐጂ ሱሩር ጭነት በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወንዝ ላይ ተጠብቆ ተዘረፈ። ዘራፊዎቹ ባርጁ የሚነሳበትን ቀን ቀርቶ ስኳሩ በየትኛው ጎን እንደተደረደረ ያውቁ ነበር።

«ነገሩ ከውስጥ ነው» አሉ ሐጂ። «ከኮምፒውተሩ ነው የሚወጣው።»

ስለዚህ ከናይሮቢ አንድ ባለሙያ ተጠርቶ መጣ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን አዲስ የጥበቃ ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ጫነ። ሲድራን አስቀምጦም አስረዳት። ይህ እንደ ድሮዎቹ የሌቦች ስም ዝርዝር ይዞ የሚያነጻጽር አይደለም፤ ሌባ የሚባል ነገር አያውቅም። የቤቱን ልማድ ቁጭ ብሎ ይማራል፤ ማን በስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚከፍት፣ ጣቱ ቁልፉ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ሁሉ። ከልማዱ የወጣ ነገር ሲያይ ይናገራል። ለስምንት ሳምንት ምንም እንዳትነካው ነገራት። ደግሞም አንድ ማዘዣ አሳያት፤ እሱ ከተከፈተ ፕሮግራሙ ሰው ሳይጠይቅ የተጠረጠረውን ይዘጋና ጥቆማውን በቀጥታ ለባለቤቱ ይልካል።

«ይቺን አትክፈቺ» አላት ባለሙያው። «እሱ አይቶ ይንገርሽ፤ ፍርዱ ያንቺ ይሁን።»

የወደቡ ሠራተኞች ነገሩን «ዘበኛው» ብለው ሰየሙት፤ ቀለዱበት፤ ረሱት።

እዚህ ላይ የሰዎቹን አመል መናገር ያስፈልጋል። ወደቡ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚገባው በአንድ ስምና በአንድ ፓስዎርድ ነበር። አንዱ ሊሰግድ ሲነሳ ሌላው ቁጭ ብሎ የተጀመረውን ዐረፍተ ነገር ይጨርስለታል፤ ይኼኛው ቅዳሴ ሲሄድ ያኛው ይተካዋል። ሲድራ ለየብቻ ፓስዎርድ ልስጣችሁ ብትል ቅር ተሰኙባት። ሙደሲር የሚባለው የሚዛን ጸሐፊ እንደውም «በአንድ ትሪ እየበላን በፓስዎርድ ልንደባበቅ?» ብሎ አሳፈራት። ተወችው። እናም ለዘበኛው የተነገረው ወደቡ ላይ አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ነው፤ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ያለ፣ ጁምዓም እሑድም የማይቀር አንድ ተአምረኛ ሰው።

ስምንቱ ሳምንት አልቆ የካቲት ላይ ሲድራ ማሳያውን ከፈተች። ጥቃቅን ነጥቦች አየች፤ እያንዳንዷ ነጥብ አንድ የሥራ ሰዓት ናት። ነጥቦቹ ግን አንድ ቦታ አልተከመሩም። እንደ ገበያ እህል እዚህም እዚያም ለየብቻ ተከምረዋል። ቆጠረች፤ ዐሥራ ሁለት ክምር። ከዚያ በዚያ ፓስዎርድ የሚጽፉትን ሰዎች በጣቷ ቆጠረች። ዓርብ ዓርብ መጥተው በሁለት ጣት የሚጽፉትን ሐጂ ሱሩርን ስትጨምር ዐሥራ ሁለት ሆኑ።

«ሱብሃነላህ!» አለች ብቻዋን። አንድ ሰው ነው ብለው ቢዋሹት ዐሥራ ሁለት ናችሁ አላቸው። ስማቸውን አያውቅ፣ መልካቸውን አያውቅ፣ ድምፃቸውን ሰምቶ አያውቅ፤ እጃቸውን ብቻ አዳምጦ ለያቸው። ስድስተኛው ክምር በተለይ ሌላ ነበር። የሌሎቹ ዘርዘር ያለ ነው፤ ይኼኛው በቁና ተለክቶ እንደፈሰሰ ጤፍ ጥብቅ ያለ። የማን እንደሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ቀን ጋሽ ከፍያለውን ይቅርታ እጠይቃለሁ ብላ አሰበች፤ ጉራቸው ጉራ አልነበረም።

ግንቦት ላይ ዘበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። ቀይ መስመር፣ ከሥሩም «የማይታወቅ እጅ»። በሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በቀን፣ ሁልጊዜ ከወደቡ ቢሮ፣ ሁልጊዜም የጭነት ዝርዝሩ ላይ። ዐሥራ ሦስተኛ ክምር ተፈጥሯል፤ የተበታተነ፣ የሚያመነታ፣ ሰው ቤት ገብቶ በጨለማ የሚዳብስ የሚመስል እጅ።

ሐጂ ሱሩር ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ተያዘ! ያቺን ማዘዣ ክፈቻት። ይዝጋው፤ ስሙን ያምጣልኝ።»

«ሐጂ፣ ዘበኛው ስም አያውቅም። እጅ ነው ያየው፤ ሰው አላየም።»

«እንግዲያው ሰውየውን አንቺ ፈልጊው። እስከ ሐሙስ ስም እፈልጋለሁ። ለፖሊስ ነው የምሰጠው።»

ሰኞ ነበር። በዚያ ዓመት ጁባ ውስጥ የሌላ አገር ሰው በስርቆት ስሙ ፖሊስ ዘንድ ከደረሰ የሥራ ፈቃዱን ረስቶ ጓዙን ማሰር ነው፤ ያውም ዕድለኛ ከሆነ። ሲድራ ይህን ታውቃለች። ማዘዣዋንም አልከፈተችም። በማግስቱ ኮምፒውተር እጠግናለሁ ብላ ወደቡ ወረደች።

በሩ ላይ ላዱ የሚባለው የተሸካሚዎች አለቃ «ሰላም ታኪ! ኢታ ኩዌስ?» ብሎ ደኅንነቷን እየጠየቀ ተቀበላት። ከጀርባው በሩ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ ተሸካሚዎቹ ጣታቸውን እያስኬዱ ያነቡታል። ሲድራም ጠጋ ብላ አነበበች። አነበበችና አፏን ይዛ ቀረች። የባርጁ መነሻ ቀን፣ የጭነቱ ዓይነት፣ ስኳሩ በየትኛው ጎን እንደሚደረደር፣ ሁሉም አለ። ተሸካሚው ተራውንና ቦታውን እንዲያውቅ በየሳምንቱ እንደሚለጠፍ ላዱ በኩራት ነገራት፤ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ሁሉም ሰው ያነባል» አላት። ሐጂ በናይሮቢ ዘበኛ የሚያስጠብቁትን ምስጢር ራሳቸው በር ላይ ሲለጥፉት ኖረዋል። ወረቀቱን ለምና ወሰደች።

ሌባ የሚባል ነገር ምናልባት የለም ማለት ነው። ታዲያ ዐሥራ ሦስተኛው እጅ የማን ነው?

ቢሮው ውስጥ ጥግ ይዛ የገመድ ጫፍ እየነካካች የሰዉን እጅ ስታይ ዋለች። ሙደሲር ኪቦርዱን ይደበድባል። ሌላው አንድ ቃል ጽፎ ሁለት ያጠፋል። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ጋሽ ከፍያለው ተቀመጡ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ወንዙ ላይ ባርጅ እየተጎተተ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ይጮኻሉ። እሳቸው ግን ቀና አላሉም።

ጋሽ ከፍያለው ቁልፎቹን እያዩ ነበር።

ሲድራ የያዘችው ገመድ ከእጇ ወደቀ። ግራ እጃቸው እንደድሮው ይሮጣል፤ ቀኙ ግን ይመጣል፣ ይዘገያል፣ ፊደሉን ከነካም በኋላ ለመነሳት ያመነታል። ሲያርፉ ቀኝ እጃቸውን ቶሎ ብለው ጭናቸው ሥር ይከቱታል። ምንም ሳትል ተነሥታ ወደ ኮር ዊሊያም ተመለሰች።

ማሳያውን ከፍታ ቁጭ ብላ አሰበች። እስከዛሬ ዘበኛውን የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ማን መጣ? አሁን ሌላ ጠየቀችው፤ ማን ቀረ? መልሱ ከዓይኗ ሥር ነበር። ዐሥራ ሦስተኛው እጅ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ ስድስተኛው ክምር ላይ አንዲት አዲስ ነጥብ አልተጨመረችም። እጆቹ አሁንም ዐሥራ ሁለት ናቸው። ሳምንቶቹን ወደኋላ እየመለሰች ስታይ ደግሞ ያ ጥብቅ ክምር ቀስ በቀስ ከአንድ ጎኑ ሲላላ፣ ሲፈስ፣ በመጨረሻ ተንሸራቶ ሄዶ ያ የተበታተነው ክምር ሲሆን አየች። እንባዋ መጣ። ፈርታ ይሁን አዝና ወይስ ተደንቃ ራሷም አላወቀችም። ምናልባት ሦስቱም ነበር።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ቢሮው ባዶ ሲሆን አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎን ምን ነካው?»

እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተቱት። «ማን ነገረሽ?»

«ዘበኛው።»

«ከፋሲካ ወዲህ ነው» አሉ። «አውራ ጣቴ ብቻዋን ትንቀጠቀጥ ጀመር። ብርድ ነው አልኩ።»

«ጁባ ላይ ብርድ?»

ሁለቱም ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ የእሳቸው ሳቅ ተቆረጠ። «ምን ልበል ታዲያ? እኔ ጸሐፊ ነኝ ልጄ። እጄ ታሟል ያልኩ ቀን ምን ሆኜ እቀራለሁ? ልጆቹ ገና ተማሪ ቤት ናቸው። አልጣሽም አታውቅም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል እኮ፣ ጋሼ።»

«የሚባለውማ ብዙ ነው።»

ሐጂ ሱሩር ለሐሙስ ስም እንደጠየቁና ዘበኛው ሌባ ብሎ የሚጠቁመው እሳቸውን እንደሆነ ነገረቻቸው። ጋሽ ከፍያለው አልተቆጡም። አሳይኝ አሉ። ላፕቶፗን ከፍታ ክምሮቹን ሳምንት በሳምንት አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ይኼ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«መላላት የጀመረው መቼ ነው?»

«የካቲት መጨረሻ ላይ።»

«ጾሙ ሳይጋመስ!» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲድራ፣ እኔ ያወቅሁት ለፋሲካ ነው። ይኼ ፍጡር እኔ ሳላውቅ እጄን አውቆታል? ዐሥራ ስምንት ዓመት ጆሮዬን አስልቼ የያዝኩትን ሙያ በስምንት ሳምንት ተማረው?» ድምፃቸው ውስጥ ቅናት አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እንደሚቆም ሰው አንገታቸውን ሰብረው ማሳያውን አዩት። «ግን ሲያውቅ ሌባ አለኝ። እኔ ተማሪዬ እጁ ቢከብደው ምን ሆነሃል እለው ነበር።»

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ሐጂ ሱሩር ፊት ቆሙ። ሐጂ ጋሽ ከፍያለውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ከፍያለው? አንተ ነህ?»

«እጁ የእኔ ነው ሐጂ። ሌባው ግን እኔ አይደለሁም» አሉና ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሲድራ ነገሩን ከሥሩ አስረዳች። ሐጂ ግራ ገባቸው። «እንግዲያው ማሽኑ ተሳስቷል በይኛ!»

«አልተሳሳተም። የማላውቀው እጅ አለ አለ፤ እውነቱን ነው። ሌባ ብለን የተረጎምነው እኛ ነን። ያቺን ማዘዣ ከፍተናት ቢሆን ጋሼ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ነበሩ።»

«ታዲያ ጭነቴን ማን አስዘረፈው?»

ሲድራ የበሩን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሐጂ አነበቡ፤ እንደገና አነበቡ። «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ! ይኼ በር ላይ ነው የሚለጠፈው?»

«እርስዎ ባዘዙት መሠረት፣ በየሳምንቱ» አሉ ጋሽ ከፍያለው በትሕትና። «ያለ አንዲት ስሕተት።»

ሐጂ ግንባራቸውን ይዘው ቆዩ። ነጋዴ ናቸውና ግን ሐሳባቸው ቶሎ ወደ ሌላ ሄደ። «ቆይ እስቲ። ይኼ ነገር የሌላውንም ሰው እንዲህ ያሳያል? ማን እየደከመ እንደሆነ፣ ማን እንደታመመ?»

«ያሳያል።»

«እንግዲያው በየወሩ አምጪልኝ። አስቀድሜ ልወቅ።»

ሲድራ ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር። ክምሮቹን ስታገላብጥ የሙደሲር ክምር መጋቢት ላይ ለአንድ ሳምንት ተበትኖ አይታለች፤ እናቱ የሞተችበት ሳምንት ነው። የሰው ቤት በቀዳዳ እንዳየ ሰው አፍራ ነበር የዘጋችው።

«ሐጂ፣ ዘበኛ ያቆምነው በሩን እንዲጠብቅልን ነው፤ መኝታ ቤት ገብቶ እንዲያይ አይደለም» አለች። «ደግሞም ክምሮቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው። አንዱ የእርስዎ ነው። ይሁን ካሉ ከእርስዎ ልጀምር?»

ሐጂ ሱሩር ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። እጆቻቸውን አገላብጠው አዩአቸው።

«ተይው» አሉ ቀስ ብለው። «ካላስ፣ በቃ። ዝጊው።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በግማሽ ሰዓት አለቀ። ዘበኛው እንግዳ እጅ ሲያይ ለሲድራ ብቻ እንዲነግር፣ እሷም ሰውየውን በአካል ሄዳ ሳትጠይቅ ማንም እንዳይጠረጠር፣ ለእያንዳንዱም የራሱ ፓስዎርድ እንዲሰጠው፣ ዘበኛው የሚያየውም ለሁሉም ሠራተኛ በግልጽ እንዲነገር ተወሰነ። ሐጂ ወደ ጋሽ ከፍያለው ዞሩ። «አዲስ አበባ ሄደህ ታይ፤ ትኬቱ በእኔ ነው። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም። መጻፍ ቢያቅትህ ሌላው ይጽፋል፤ አንተ ታርማለህ።» ጋሽ ከፍያለው እጅ ነሡ።

ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ሲድራ ውኃ ላምጣልዎት አለች። አልፈለጉም።

«ለአልጣሽ መጻፍ አለብኝ» አሉ። «ልጃችን በስልኳ ታነብላታለች። በዚህ እጅ ስጽፍ እስከ ማታ ነው የምቆየው። አንቺ ጻፊልኝ።»

በሕይወታቸው ሰው ጽፎላቸው አያውቅም። ሲድራ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጠበቀች። እሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ለውድ ባለቤቴ ለአልጣሽ በይ። እንደምን ሰነበትሽ በይ። ከዚያ...» ዓይናቸውን ገልጠው እጃቸውን አዩ። «ከዚያ እጄን አሞኛል በይ።»

ሲድራ ጻፈች።